ለቅጠል በዓል ቅጠል የጎዘጎዘው አብዱ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ቦከንሃይም፣ ፍራንክፈርት

ከቤት ስወጣ አልተናደድኩም ነበር። ይህ ከወዲሁ ይታወቅልኝ፤ ምክንያቱም ይህን አምድ ከምታነቡ ወዳጆቼ መካከል "ሰብለ ከእንቅልፏ ስትነሳም ተቆጥታ ነው" የምትሉ አላችሁ። ያን ቀን ግን በሰላም ነው የተነሳሁት። ሳክሰንሃውሰን ከምሠራበት የምግብ ቤት ኩሽና በስንት ልመና ፈቃድ አግኝቻለሁ። ነጠላዬን በካፖርቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ማታ የጋገርኩትን ድፎ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥዬ ወጣሁ። የላይፕሲገር ጎዳና ሱቆች ገና አልተከፈቱም። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ እኔ ግን ለራሴ እያንጎራጎርኩ ወደ ባቡር ወረድኩ።

የጠራን አብዱ ነው። አብዱ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ጀርመን አገር እንደገባን አንድ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አንድ ምድጃ ተጋርተን ነበር፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እሱ "እታለም" ይለኛል፣ እኔም እንደ ታናሽ ወንድሜ አየዋለሁ። አሁን ከፍራንክፈርት ወጣ ብላ፣ ታውኑስ ተራሮች ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ መንገድ ይጠርጋል። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል። የቀጠረው ማዘጋጃ ቤቱ ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቱ ሥራውን የሰጠው የጽዳት ድርጅት ነው። የሙከራ ጊዜው፣ እዚህ ሁላችንም "ፕሮቤጻይት" የምንለው ጭንቀት፣ በዚያ ወር ያልቃል። ከዚያ ወይ ውል ይፈራረማል፣ ወይ ይሰናበታል። ውል ካገኘ ቤት መከራየት ይችላል፤ ቤት ካገኘ ሚስቱን ሐያትንና ልጁን ሙናን ለማምጣት ማመልከት ይችላል። ሙናን ትቷት ሲወጣ ዳዴም አትል ነበር፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ያለ ውል ግን ይህ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በስልክ የላከልኝን የድምፅ መልእክት ባቡር ውስጥ ደግሜ ሰማሁት። "እታለም፣ ቅዳሜ እኛ ከተማ የቅጠል በዓል አለ። ወላሂ፣ የቅጠል! ዛፉ ቀለሙን ሲቀይር በየዓመቱ ይደሰቱለታል። አደባባዩን ለበዓሉ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ሼፉ፣ አለቃዬ፣ ራሱ ነው ያዘዘኝ። ጋሽ ተካን ይዘሽልኝ ነይ።" ድምፁ ውስጥ የነበረውን ኩራት እናንተም ብትሰሙት ደስ ባላችሁ።

ሆኽስት፣ ባቡር ጣቢያ

ጋሽ ተካ ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል። ዕድሜያቸውን በሆኽስት የኬሚካል ፋብሪካዎች የፈጁ ጡረተኛ ናቸው፤ ለስደተኛው ሁሉ ደብዳቤ የሚያነቡ፣ ቢሮ ድረስ አብረው የሚሄዱ ሰው። የተተኮሰ ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

"ደህና አደሩ ጋሼ?"

"እኔ ደህና አድሬአለሁ። ባቡሩ ነው ደህና ያላደረው፤ ቀርቷል።"

ሰሌዳው ላይ እንደተለመደው ይቅርታ ተጽፏል። በዚህ አገር ይቅርታ በሰዓቱ ይደርሳል። ምትክ አውቶቡስ ለመያዝ ወደ ውጭ ወጣን። ሹፌሩ ኤርትራዊ ነው፤ ነጠላዬን አይቶ ገና ሳንሳፈር ፈገግ አለ።

"ሰርግ ናችሁ?" አለ፣ ትግርኛ በሚጎትተው አማርኛ።

"የቅጠል በዓል" አልኩት፤ የከተማዋንም ስም ነገርኩት።

"እዋእ! እዚያ? እነሱማ ቅጠል በጣም ይወዳሉ። ዛፍ ላይ እስካለ ድረስ።"

ጋሽ ተካ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ነገሩን ያኔ አላጤንኩትም።

ዳገቱ ላይ

አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ጫካው በሁለቱም በኩል ይጠጋል። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ያምራል። ከላይ እርድ፣ መሃሉ ላይ በርበሬ፣ ከሥር ሽሮ። ጭጋጉ ከሸለቆው ሲነሳ የፀሐይ ጨረር ያገኘው ዛፍ ሁሉ ይበራል። አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ከፊታችን ተቀምጠው፣ በየመታጠፊያው "አህ!" ይላሉ። እኔም በሆዴ "አህ!" እላለሁ።

"እንግዲህ የበልግ በዓል መሆኑ ነው" አሉ ጋሽ ተካ።

"ጋሼ፣ በልግ እኮ በእኛ አገር ዝናብ ነው። ገበሬ የሚዘራበት።"

"መዝገበ ቃላቱ በልግ ይላል።"

"እንግዲያው መዝገበ ቃላቱ አርሶ አያውቅም። ይሄ መጸው ነው። በዚህ ወር በእኛ ሜዳው ያብባል፣ በእነሱ ይረግፋል።"

"ይሁንልሽ፤ የመርገፍ በዓል በይው። ብቻ ለመርገፍ ድግስ የሚደግስ ሕዝብ ክፉ ሊሆን አይችልም" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በዚህ ንግግራቸው በኋላ ብዙ ተሟግተናል።

የከተማዋ በር

ከአውቶቡስ ስንወርድ የተቀበለን ትልቅ የእንጨት ቅስት ነው። ቅስቱ በቀይና በቢጫ ቅጠል ተሸፍኗል። ነካሁት፤ ፕላስቲክ ነው። መጀመሪያ አላመንኩም፤ ሌላውን ነካሁ። እሱም ፕላስቲክ። አንዱን ገልበጥ ባደርገው ጀርባው ላይ የዋጋ ወረቀት እንደተለጠፈበት ቀርቷል። ከኋላው እውነተኛው ተራራ በእውነተኛ ቅጠል እየነደደ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ይሆን እንዴ?

መንገዱ ግራና ቀኝ ድንኳን ነው። የዱባ ሾርባ በወረቀት ጎድጓዳ፣ ሰባት ዩሮ፤ ዳቦው ለብቻው ይከፈላል። የቅጠል ቅርጽ ያለው ብስኩት። የቅጠል ሽታ አለው የተባለ ሻማ፤ አሸተትኩት፣ የሳሙና ሽታ አለው። ሰዎቹ ግን ደስ ብሏቸዋል፤ ጉንጫቸው በብርድ ቀልቷል፣ ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ናቸው። ደስታቸውን ለመንቀፍ አልመጣሁም።

ግን አንድ ነገር ዓይኔን ቆረቆረኝ። መሬቱ ላይ አንድም ቅጠል የለም። አንድም! የድንጋዩ ንጣፍ ተልሶ የተቀመጠ ሳህን መስሏል። ከየጓሮው ቅጠል የሚነፋው ማሽን ያጓራል። አንድ ሽማግሌ በራቸው ላይ ቆመው ደጃቸው ያለውን ዛፍ ሽቅብ ያያሉ፤ ቅጠል ስትወርድ ጠብቀው በመጥረጊያ ይገፏታል፣ ወደ ከረጢት ይከቷታል። እንደ ደንቡ እያንዳንዱ ባለቤት የበሩን ፊት ማጽዳት አለበት፤ ሰው ተንሸራቶ ቢወድቅ ተጠያቂው እሱ ነው። ቅጠሉ ዛፍ ላይ ሳለ ይጨበጨብለታል፣ መሬት ሲነካ ቆሻሻ ይባላል። የሹፌሩ ቀልድ የገባኝ እዚህ ነው።

አደባባዩ

አደባባዩ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ቆምን።

ከምንጩ ጀምሮ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ድረስ መሬቱ በሙሉ ቅጠል ለብሷል። የተከመረ አይደለም፤ ነፋስ ያመጣውም አይደለም። ዳር ዳሩ ቢጫ ነው። ከበሩ እስከ መድረኩ የእጅ መዳፍ የሚመስለው ቀዩ ቅጠል ብቻ እንደ መንገድ ተነጥፏል። ውሃ ስለተረጨ እርጥብ አፈር ይሸታል። በዚያ ሁሉ ፕላስቲክና ሻማ መካከል በዓል የሚሸተው እዚህ ብቻ ነበር።

ጋሽ ተካ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ጎዝጉዞታል" አሉ ቀስ ብለው።

አብዱን ያየሁት ከዚያ ነው። ብርቱካንማ የሥራ ሰደርያውን ለብሶ መድረኩ አጠገብ ቆሟል፣ አንገቱን ደፍቷል። ፊት ለፊቱ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ረጅም ሰው ይጮህበታል። ሼፉ ነው፤ የጽዳት ድርጅቱ ኃላፊ። ሰው የሚሰማው አልመሰለውም፣ ወይም ቢሰማው ግድ የለውም።

"ምንድነው ይሄ? ምንድነው ያደረግከው? አዘጋጅ ነው ያልኩህ!"

"አዘጋጀሁ" አለ አብዱ በተሰባበረ ጀርመንኛው። "በዓል። የቅጠል በዓል። ቅጠል።"

"ሰው ቢንሸራተት ማን ይከፍላል? አንተ? ፌርዚሸሩንጉ አንተን ያውቅሃል?" ኢንሹራንሱን ማለቱ ነው። "ከንቲባዋ ሳትደርስ ይህ ሁሉ ይጠረግ! ስለ አንተ ደግሞ ሰኞ እንነጋገራለን።"

ሰኞ እንነጋገራለን! በዚህ አገር የሠራ ሐበሻ ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል። በፕሮቤጻይት ላይ ላለ ሰው ትርጉሟ አንድ ብቻ ነው። አብዱም ያውቃታል።

እኛን ሲያይ ሊስቅ ሞከረ። "እታለም፣ መጣችሁ? እንደምን አሉ ጋሼ? አያችሁት? ትናንት 'አደባባዩን ለቅጠሉ በዓል አዘጋጅ' አለኝ። ለበዓል አዘጋጅ ከተባለ ምንድነው የሚደረገው? ይጠረጋል፣ ውሃ ይረጫል፣ ይጎዘጎዛል። እኛ ቤት ወዳጃ ሲኖር፣ ለዱዓው ሳይጎዘጎዝ ማን እግሩን ያስገባል? እዚህ ቄጤማ የለም። በዓሉ የቅጠል ነው ተባለ፤ ከጠረግኩት ላይ ያማረ ያማረውን መርጬ ጎዘጎዝኩት። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?"

አልቅሽ አልቅሽ አለኝ፤ ከዚያ ደሜ ፈላ። ቅጠል እናከብራለን ብሎ ሰው የሚጠራ ከተማ፣ ቅጠል ያቀረበለትን ሰው ሊያባርር ነው! ሼፉን ሄጄ ያዝኩት።

"በራችሁ ላይ የሰቀላችሁት ፕላስቲክ ነው" አልኩት። "እውነተኛው እሱ ያመጣው ብቻ ነው። እናንተ የምታከብሩት ምኑን ነው?"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "አንቺ ማነሽ?"

"ቤተሰቡ ነኝ።"

"እንግዲያው መጥረጊያ ያዢና አግዢው" አለና በስልክ እያወራ ሄደ።

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ? እኔ ያልኩትን የዚህ አምድ አዘጋጅ አያትመውም።

በዓሉ ሲከፈት

አብዱ መጥረግ ጀመረ። የራሱን እጅ ሥራ ከዳር እየገፋ፣ ቢጫውን ከቀዩ ጋር እያደባለቀ። እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ቅጠሉን በእቅፌ አነሳሁ። ጋሽ ተካ በከዘራቸው ወደ እኔ ያደርሱልኛል። "አብሽሪ እታለም፣ አታልቅሺ" ይለኛል አብዱ ደግሞ! ሥራው የሚሄድበት እሱ፣ አብሽሪ የምባለው እኔ።

አንድ ማዕዘን እንኳን ሳንጨርስ የማርሽ ባንዱ ከታች ሲመጣ ተሰማ። ከባንዱ ኋላ የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች፣ ራሳቸው ላይ የወረቀት አክሊል ደፍተው ይመጣሉ። አደባባዩን ሲያዩ መምህራቸውን የሚሰማ ጠፋ። እየጮሁ ገቡበት። ቅጠሉን በእጃቸው ዘግነው ወደ ላይ በተኑት፣ ተንከባለሉበት፣ አንዱ ሌላውን ቀበረው። የተንሸራተተ የለም። አውቶቡስ ውስጥ "አህ!" ሲሉ የነበሩት አሮጊት ቀዩን መንገድ ይዘው ቀስ ብለው እስከ መድረኩ ሄዱ፤ ደርሰው ሲመለሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ከንቲባዋ ደረሰች። ልጆቹን አየች፣ እጇን ጉንጮቿ ላይ አደረገች፣ ፎቶ አንሺውን ጠራች። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥታ ምን አለች መሰላችሁ? "የበዓል ኮሚቴአችን ዘንድሮ ድንቅ ሐሳብ አመጣ፤ የቅጠል ምንጣፍ!" ሕዝቡ አጨበጨበ። ሼፉ ከጎኗ ቆሟል። ያው ሼፍ! ራሱን ዝቅ አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለ።

"የአብዱ ነው!" ብዬ ጮህኩ በጀርመንኛ። "ይህን የሠራው አብዱ ነው!" በዚያው ቅጽበት ጥሩንባው ተነፋ። ድምፄን ጋሽ ተካም በቅጡ አልሰሙትም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ፎቶው ነው። ከንቲባዋ፣ ሼፉና ልጆቹ ለፎቶ ሲሰለፉ አብዱ መጥረጊያውን ይዞ ከኋላቸው ቆሞ ነበር፤ ፈገግ ብሎ፣ ልጆቹን እያየ። ሼፉ ዞር ብሎ ብርቱካንማውን ሰደርያ አየና ዶሮ እንደሚያባርር እጁን አወናጨፈ። ከፎቶው ውጣ! አብዱም ወጣ። ከምንጩ ጀርባ ሄዶ ቆመ። ጎዝጉዞ የጠበቀውን በዓል ከምንጭ ጀርባ ሆኖ አየው።

ከድንኳኖቹ ኋላ

ሰዉ ወደ ምግቡ ሲዞር ሼፉ ወደ እኛ መጣ። አሁን ፊቱ በርቷል። በአንድ እጁ ቋሊማ በዳቦ፣ በሌላው የፖም ወይን ይዟል። ሁለቱንም ለአብዱ ዘረጋለት።

"አመሰግናለሁ፤ አልችልም" አለ አብዱ።

ቋሊማው የአሳማ ነው። ሼፉ ወደ እኔ ዘረጋው፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ወደ ጋሽ ተካ ዘረጋው፤ እሳቸውም እንዲሁ። እስላሙም ክርስቲያኑም የማይበላውን ይዞ ሦስታችንንም አዳረሰ። ጋሽ ተካ ለአገር ሰላም ሲሉ ወይኑን ተቀበሉለት።

"ጥሩ ነበር" አለ ሼፉ አብዱን ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። "ከንቲባዋ ወዳዋለች። በሚመጣው ዓመትም እንደዚሁ አድርግ።"

አብዱ ቀና አለ። "በሚመጣው ዓመት? እኔ?"

ሼፉ ነገሩ እንዳመለጠው ገባው። "እ… እሱን እንግዲህ ሰኞ እንነጋገራለን።"

እኔ ቀድሜ አፌን ከፍቼ ነበር። አብዱ ክንዴን ያዘኝ። "ተይኝ እታለም፤ በራሴ አፍ" አለኝ። አብዱ ለማንም "አይ" ሲል ሰምቼ አላውቅም። መጠለያው ውስጥ እንኳን ወረፋውን ለሰው እየለቀቀ ሽሮውን ከቀዘቀዘ በኋላ የሚበላ ልጅ ነው። አሁን መጥረጊያውን ምንጩ ላይ አስደግፎ፣ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

"ሰኞ አይደለም" አለ። "ዛሬ። ጠዋት ዛሬ ጮኽክብኝ፤ ዛሬ ንገረኝ።"

ሼፉ ዞር አለ። ከንቲባዋ ልጆቹ መሃል ናት፤ ብንጠራት ትሰማናለች። የሱ ዓይን እዚያ ደርሶ ሲመለስ አየሁት።

"እሺ" አለ። "ትቆያለህ።"

ያኔ ጋሽ ተካ ብርጭቆውን አስቀመጡና በዚያ የዕድሜ ልክ የፋብሪካ ጀርመንኛቸው አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ። "ሽሪፍትሊሽ።" በጽሑፍ!

"ሰኞ በጽሑፍ" አለ ሼፉ፤ አሁን በእኔም በጋሽ ተካም ፊት።

ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ሲበተን አደባባዩን የጠረግነው እኛው ነን። የበዓል ኮሚቴ የሚባለው ድንቅ ሐሳብ አመንጪ በዚያ ሰዓት አልታየም። ድፎውን በመጨረሻ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ቆረስነው፤ የመጀመሪያውን ቁራሽ የበላው አብዱ ነው። በዚያ ቀን እስከዚያ ሰዓት እህል አልቀመሰም ነበር።

ሰኞ፣ ተመልሼ፤ ቦከንሃይም

አብዱ ከሥራ በቀጥታ እኔ ቤት መጣ። በአንድ እጁ ውሉ፣ በሌላው ጋዜጣ። ውሉን አነበብኩለት። የአንድ ዓመት ነው፤ የሚያልቀው በሚመጣው ዓመት፣ በዓሉ እንዳለፈ። ገባችሁ? አንዴ እንዲጎዘጉዝላቸው፣ ጎዝጉዞም እንዲጠርግላቸው፣ ከዚያ ይቆይ አይቆይ ደግሞ እንዲያዩ! ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

አብዱ ግን ሳቀ። "እታለም፣ የቅጠሉስ ውል ለአንድ ዓመት አይደል? ለቤት አከራይ የማሳየው ወረቀት አገኘሁ። አልሐምዱሊላህ በይ።"

ጋዜጣውን ዘረጋን። ፎቶው ትልቅ ነው። ከንቲባዋ ትስቃለች፣ ሼፉ ይስቃል፣ ልጆቹ ቅጠል ይበትናሉ። ከሥሩ የበዓል ኮሚቴው ተመስግኗል። አብዱ ስልኩን አወጣና ኮምቦልቻ ደወለ። ሐያት ውሉን ስትሰማ ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ ስልኩን ለልጅቱ ሰጠቻት። አብዱ ጋዜጣውን ለካሜራው አሳያት።

"አባ፣ አንተ የታለህ?" አለች ሙና።

አብዱ ፎቶውን እንደ አዲስ አየው፤ ከዚያ ጣቱን ሰዎቹ እግር ሥር አስቀመጠ። "ይኸውልሽ፣ ይሄ ጉዝጓዙ የኔ ነው።"

"ታዲያ ለምን ይረግጡታል?"

"ጉዝጓዝ ነዋ፣ የኔ እናት። እንግዳ ሲመጣ ይጎዘጎዛል፤ እንግዳው ይረግጠዋል።"

ሙና ፊቷን ወደ ካሜራው አስጠጋች።

"እንግዳው ማነው?"

አብዱ መልስ ፍለጋ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሁልጊዜ መልስ የማላጣው ሴትዮ ጋዜጣውን አጣጥፌ ሻይ ልጥድ ተነሳሁ።